ከባምባሲ ስንት ደቂቃ?

አሶሳ ከተማ ዳር ባለ አንድ ግቢ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ አያትና የልጅ ልጅ የርግብ ቤት እየሠሩ ነው። አያት ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ፤ ልጅቱ ሽቦ ትቆርጣለች። የዚህ አገር ቀርከሃ የቆላው ዓይነት ነው። እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ ሳይሆን ድፍን ስለሆነ ለመሰንጠቅ ክንድ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የቆላ ቀርከሃ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነውና ለአጥርም፣ ለአልጋም፣ ለቆጥም የሚሆን እንጨት ከደጅ አይጠፋም። ቤቱ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ በአራት እግር ቆሟል። እግሮቹ ላይ የተጠቀለለው ቆርቆሮ ለጌጥ አይደለም፤ እባብና ሸለመጥማጥ ሽቅብ እንዳይወጡ ነው።

አያት ርግብ ማርባት ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ለምን እንደጀመሩ ሲጠየቁ «ግቢ ዝም ሲል አልወድም» ይላሉ። የልጅ ልጃቸው የሥነ ሕይወት ተማሪ ናት። ዘንድሮ ለዕረፍት ስትመጣ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች፦ ርግቦቹን ራቅ ካለ ቦታ እየለቀቁ፣ ሰዓት እየያዙ፣ ወደ ቤታቸው ማወዳደር። የሁለቱ ጨዋታ የተጀመረው በዚህ ነው።

«አባባ፣ ጫጩት እስኪያድግ ከምንጠብቅ ለምን ትልልቆቹን ከገበያ አንገዛም?»

አያት መጥረቢያውን አሳረፉ።

«እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ፣ ልጄ። መጀመሪያ ስጀምር ስድስት ርግብ ከአንድ ሰው ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ዘግቼ ማሽላ አበላኋቸው። ለመዱኝ ብዬ አንድ ጠዋት በሩን ከፈትኩ። ማታ አንዷም አልገባች። በማግስቱ ሰውየው ቤት ብሄድ ስድስቱም ጣሪያው ላይ ተደርድረዋል።»

«ታዲያ መለሰልዎት?»

«ሁለቱን መለሰልኝ። የቀሩትን ‹ከእኔዎቹ ጋር ተቀላቅለዋል፣ መለየት አቃተኝ› አለኝ። ሁለቱም ቢሆኑ በሩ ሲከፈትላቸው ዞረው እዚያው ሄዱ።»

«እንግዲህ እነዚያ ርግቦች ጥፋት የለባቸውም። ቤታቸው ነው የሄዱት።»

«እኔስ መች ጥፋተኛ አደረግኳቸው? ከዚያ ወዲህ ትልቅ ርግብ ገዝቼ አላውቅም።»

በዚህች አጭር ታሪክ ውስጥ የመላው ስፖርት መሠረት አለ። መልእክተኛ ርግብ የምትባለው ከየትም ብትለቀቅ ወደ አንድ ቦታ ብቻ የምትመለስ ናት። ያ ቦታ የሚታተምባት ገና በልጅነቷ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላት፣ ከጣሪያው ጫፍ ቆማ ዙሪያ ገባውን ማየት በምትጀምርበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤት ቢቀያየርባት፣ ወራት ቢዘጋባት እንኳ ብዙ ጊዜ በሩ ሲከፈት የቀድሞውን ትፈልጋለች። አውሮፓ ውስጥ በብዙ ሺህ ዩሮ የተገዛች ርግብ ዕድሜዋን ሙሉ ከቤት ሳትወጣ የምትኖረው ለዚህ ነው። አርቢዎቹ ራሳቸው «እስረኛ» ብለው ይጠሯታል። አዲሱ ባለቤት የሚያበርረው ልጆቿን ነው። ርግብ ይሸጣል ይለወጣል፤ መመለሷ ግን ከቤት ተፈልፍሎ ከቤት የሚያድግ ነገር ነው። የቤተሰብ ሥራ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ሰው ሁልጊዜ ከቤት መኖር አለበት።

ወደ ማሳደጉ ሲመጣ ደግሞ አያትን የሚያህል የለም።

«እንቁላሏ ሁለት ነው፤ ዛሬ አንዱን ጥላ፣ አንድ ቀን ዘላ ሁለተኛውን። መታቀፉ በፈረቃ ነው። ረፋድ ላይ ወንዱ ይገባል፤ አመሻሽ ላይ ሴቷ ትረከበዋለች፤ እስኪነጋ እሷ ናት። በአሥራ ሰባት፣ በአሥራ ስምንት ቀን ይፈለፈላል።»

«ወተቱንስ ያውቁታል?»

«የምን ወተት?»

«የርግብ ወተት። ጫጩቱ መጀመሪያ ሰሞን እህል አይበላም። እናትም አባትም ጉሮሯቸው ሥር ካለው የእህል ከረጢት እርጎ የመሰለ ነገር እያወጡ ያጎርሱታል። ፕሮቲንና ስብ የሞላበት ነው። ከወፍ ወገን እንዲህ የሚያደርጉት በጣም ጥቂት ናቸው።»

«ወንዱም?»

«ወንዱም ጭምር።»

አያት ወደ ቆጡ ቀና ብለው አዩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያዩት የኖሩት ነገር አሁን ሌላ መልክ ይዞባቸዋል። «ሲያጎርስ አይቻለሁ፤ ወተት መሆኑን ግን አላወቅሁም። ለዚህ ነዋ! አንዴ እናቲቱን ጭልፊት ወስዷት አባትየው ብቻውን ሁለቱን አሳድጎ አወጣቸው።»

የሚበሉት የአካባቢው ምርት ነው። ማሽላና በቆሎ አይጠፋም፤ ለውዝና ሰሊጥ በዚህ ክልል ይመረታል። ልጅቱ አተር እንዲጨመርበት ትፈልጋለች፤ የምትበር ርግብ ጡንቻ የሚሠራው በጥራጥሬ ነውና። ለውዙ ደግሞ ረጅም በረራ ሲቃረብ የሚሰጥ ነው፤ ርግብ ሩቅ መንገድ የምትበረው በስብ ነው። ጠጠርና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትም ያስፈልጋል፤ ጥርስ የሌለው ወፍ እህሉን የሚፈጨው ሆዱ ውስጥ ባለው ጠጠር ነው። አያት ጥሬ ሲሰጡ ሁልጊዜ አሮጌ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ያንኳኳሉ፤ ያ ድምፅ የተሰማ እንደሆነ ከማንጎው ላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል። አውሮፓም ያለ አርቢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከውድድር የተመለሰች ርግብ ጣሪያ ላይ ቆማ ደቂቃ እንዳታባክን፣ በምግብ ድምፅ ትጠራለች።

ስለ ውድድሩ ግን አያት በቀላሉ አልተቀበሉም።

«ርግብ የምትሄደው ወደ ቤቷ ነው። ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ከማን ጋር ይወዳደራል?»

«ውድድሩ የእሷ አይደለም አባባ፣ የባለቤቶቹ ነው። የብዙ ሰው ርግቦች በአንድ መኪና ተጭነው ሩቅ ቦታ ይወሰዱና በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። እያንዳንዷ ወደየቤቷ ትበራለች። እግሯ ላይ ቀለበት አላት፤ ስትገባ ሰዓቱ ይመዘገባል። ድሮ ባለቤቱ የጎማ ቀለበቷን አውልቆ በልዩ ሰዓት ውስጥ ይከት ነበር፤ አሁን ቺፕ አላት፣ ደፉን ስትረግጥ ራሱ ይመዘግባል።»

«ቤቱ የቀረበው ያሸንፋላ!»

«አያሸንፍም። ርቀቱ ለሰዓቱ ይካፈላል። የእኛ ቤት ከመልቀቂያው 100 ኪሎ ሜትር ይራቅ፤ የጎረቤታችን 104። የእኛዋ በ80 ደቂቃ ብትገባ በደቂቃ 1,250 ሜትር በረረች። የእነሱ በ82 ደቂቃ ብትገባ 1,268 ሜትር ይመጣል። ሁለት ደቂቃ ዘግይታ የእነሱ አሸነፈች።»

አያት ቁጥሩን በጣታቸው መሬት ላይ ጽፈው አካፈሉት። ልክ ነው።

ይህ ዓይነቱ ውድድር የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጂግ ውስጥ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የሚታወቀውም በቤተሰብ ስም ነው። አረንዶንክ በምትባል ከተማ የያንሰን ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱትን ርግብ በአንድ ቤት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አረቡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚበሩ የውድድር ርግቦች ደም ውስጥ የእነሱ ዘር በሰፊው ይገኛል። የእንግሊዝ ንጉሣውያን ቤተሰብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 ከቤልጂጉ ንጉሥ ከዳግማዊ ሊዮፖልድ በስጦታ ባገኟቸው ርግቦች ጀምረው ትውልድ ሲያስረክቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ደግሞ ኒው ኪም የተባለች ርግብ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ በጨረታ ተሸጠች። ያረቧት ጋስቶን ቫን ደ ዋወርና ልጁ ናቸው፤ የገዛት ቻይናዊ ነው።

«አንድ ነጥብ ስድስት ሚሊዮን? ለአንዲት ርግብ?»

«ለአንዲት የሁለት ዓመት ሴት ርግብ።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ትበራለች?»

«ለዘር ነው የተገዛችው።»

«እንግዲያው እስረኛ ናት» አሉ አያት፤ ከዚያም ወደ መሰንጠቃቸው ተመለሱ።

ዋጋው በስፖርቱ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ዜና የሚሆን ነው፤ ለዚህ ግቢ ግን ብዙም አይጠቅምም። ይልቅ የሚጠቅመው አርቢዎች ርግባቸውን ወደ ቤት የሚያስቸኩሉበት ዘዴ ነው። በቤልጂግ ስሙ የገነነው ዘዴ ወንዱን ከሴቷ ለይቶ ሰንብቶ፣ ለውድድር ሊወሰድ ሲል ለጥቂት ደቂቃ ማገናኘት ነው። ወንዱ ያን አስታውሶ ይከንፋል።

«ይሄማ ግፍ ነው» አሉ አያት።

«ሌላም አለ። ተፈጥሯዊው ይባላል። ጥንዶቹ ሳይለያዩ፣ እንቁላል ታቅፈው ወይም ጫጩት ይዘው እያለ መላክ ነው። ጫጩት ያላት ርግብ ትቸኩላለች።»

«እሱ ይሻላል። ልጅ ያለው መች መንገድ ላይ ይቆማል?»

ፀሐይ ዘወር ስትል ሁለቱ ጥላውን ተከትለው ወንበራቸውን አዞሩ። አያት የቆየ ጥያቄ ነበራቸው፤ እስከ ዛሬ የሚጠይቁት ሰው አላገኙም። በቅርጫት ተሸፍና፣ በመኪና ተጭና የሄደች ወፍ መንገዱን ሳታይ እንዴት ትመለሳለች?

«ሳይንቲስቶችም ከሰባ ዓመት በላይ እየተከራከሩበት ነው» አለች ልጅቱ። «አንዱ መልስ ፀሐይ ነው። ርግብ ሰውነቷ ውስጥ ሰዓት አላት፤ በዚህ ሰዓት ፀሐይ በዚህ በኩል መሆን አለባት ብላ አቅጣጫ ትለያለች። ርግቦችን ቤት ውስጥ ዘግተው መብራቱን በስድስት ሰዓት አዛንፈው አቆዩአቸው። ሲለቋቸው ከትክክለኛው አቅጣጫ ዘጠና ዲግሪ ገደማ ዞረው በረሩ።»

«ደመና ሲሆንስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው! በደመናም ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዊሊያም ኪተን የተባለ አሜሪካዊ ርግቦች ላይ ትንሽ ማግኔት አሰረ። ፀሐይ ባለበት ቀን ብዙም አልተቸገሩም፤ ደመና ሲሆን ግን ጠፋቸው። ስለዚህ የምድርን ማግኔት ይሰማሉ ማለት ነው። ሦስተኛው መልስ ሽታ ነው። ፍሎሪያኖ ፓፒ የተባለ የጣልያን ተመራማሪ በፒዛ ከተማ ባደረገው ሙከራ ማሽተት የማይችሉ ርግቦች ከማያውቁት ቦታ ወደ ቤታቸው መመለስ ተሳናቸው። ንፋሱ ከየአቅጣጫው የሚያመጣውን ሽታ ከቆጣቸው ሆነው ይማሩታል ነው የሚለው።»

«ይሄኛው ይገባኛል። የዓባይ ወገን ንፋስና የወለጋ ወገን ንፋስ ለእኔም ይለያል።»

«አራተኛው ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሮም አካባቢ ርግቦች ላይ ጂፒኤስ ታስሮ ሲታይ አውራ ጎዳናውን ተከትለው ይበርራሉ፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱም ይታጠፋሉ። ቀጥታው መንገድ ቢያጥርም የሚያውቁትን ይመርጣሉ።»

«ታዲያ ከአራቱ የትኛው ነው?»

«ሁሉም ይመስለኛል። አንዱ ሲጠፋ በሌላው። ምንቃሯ ውስጥ ብረት አለ፣ በዚያ ነው ማግኔቱን የምታውቀው የሚባልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ጠጋ ተብሎ ሲመረመር ብረት የያዙት ሴሎች የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሆነው ተገኙ። ማግኔቱን በየት በኩል እንደምትሰማው ገና አልተቋጨም።»

አያት ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ልጅነት የርግብ መንገድ ማወቅ የሚነገረው በሌላ ቋንቋ ነበር። ወሎ ሳሉ በቀዳም ስዑር ካህናቱ ቄጠማ ሲያድሉ ሕዝቡ በራሱ ላይ ያስረው ነበር፤ ርግብ ለኖኅ ውሃው መጉደሉን ያበሰረችበት ነው እየተባለ። እዚህ አሶሳ ደግሞ ጎረቤታቸው የሆኑት የበርታ ሽማግሌ ርግቧን በአረብኛ ሐማም ይሏታል፤ ነቢዩ በሰውር ዋሻ በተሸሸጉ ጊዜ አፉ ላይ ጎጆ ሠርታ አሳዳጆቹን ያሳተች ወፍ ናትና ልጆቻቸው ድንጋይ እንዲወረውሩባት አይፈቅዱም። በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ቤተሰቦች አንዲትን ወፍ በሁለት ታሪክ ያከብሯታል። ርግቦቹም ከሁለቱም ግቢ ይለቅማሉ።

ርግብ ወሬ አድራሽነቷ ግን የሩቅ ዘመን ብቻ አይደለም። የማምሉክ ሱልጣኖች ካይሮንና ደማስቆን በርግብ ፖስታ አገናኝተው ነበር። ጁሊየስ ሮይተር፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የዜና ወኪል መሥራች፣ እ.ኤ.አ. በ1850 በአኸንና በብራስልስ መካከል የቴሌግራፍ ሽቦ ባልተዘረጋበት መሐል የአክሲዮን ዋጋ በርግብ ያመላልስ ነበር፤ ርግቧ ባቡሩን በሰዓታት ትቀድመዋለች። የሕንዷ የኦዲሻ ግዛት ፖሊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 የርግብ መልእክት አገልግሎት አቋቁሞ ተራራማና መንገድ አልባ ወረዳዎችን ለአሥርት ዓመታት አገናኝቷል። ይህን የሰሙት አያት ወዲያው የራሳቸውን አገር አሰቡ።

«ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ሲቆረጥ ርግብ ብትኖረን ኖሮ ስንቱን ወሬ እናደርስ ነበር!»

«አባባ፣ ስልክ ባለበት ዘመንም አሸንፋለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዊንስተን የተባለ ርግብ 4 ጊጋባይት መረጃ የያዘ ሚሞሪ እግሩ ላይ ታስሮለት ወደ ደርባን 80 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ በረረ። መረጃው ኮምፒዩተሩ ላይ እስኪገለበጥ ተጨምሮ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። በዚያው ጊዜ በኢንተርኔት የተላከው 4 በመቶው ብቻ ነበር የደረሰው።»

«የማን አገር ርግብ ነው አልሽ?»

«የደቡብ አፍሪካ።»

«ጎበዝ ነው።»

ከዚያ ካርታውን አወጣች። ማስመሪያዋን ከአሶሳ ላይ አስደግፋ በአዲስ አበባው መንገድ ወደ ምሥራቅ አስኬደች። በአየር መስመር ባምባሲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንዲ 70፤ ነጆ 120፤ ጊምቢ 175፤ ነቀምት 250። አዲስ አበባ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ለሚበር 475 ያህል ነው። የሕዳሴው ግድብ ያለበት ጉባ ደግሞ በሰሜን በኩል 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አንዲት ርግብ ንፋስ ሳይገፋት ሳይመልሳት በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ትበራለች።

«ከባምባሲ ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?»

«ቀጥ ብላ ከመጣች አርባ ደቂቃ።»

«ሚኒባሱ እኮ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።»

«ግን ባምባሲን ለጊዜው ይተዉት። የእኛዎቹ ለውድድር የተመረጡ ዘር አይደሉም። የቤልጂጎቹ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ፣ ያልተመለሰው እየቀረ፣ የተመለሰው እየተራባ ነው ከባርሴሎና ተለቅቀው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመለሱት። እኛ በሁለት ኪሎ ሜትር እንጀምር፤ ከዚያ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ በባምባሲ መንገድ።»

ዕቅዷ ውስጥ አንድ የራሷ ሐሳብ አለ፤ ይህ ጸሐፊም እውነት አለው ብሎ ያምናል። አሶሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን አሥር ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንታትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች። ከአናት በላይ የቆመች ፀሐይ አቅጣጫ አትናገርም። ስለዚህ መልቀቅ ያለባቸው በጠዋት ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ጭልፊቶቹም በሞቃት አየር ላይ መንሳፈፍ ሳይጀምሩ።

አያት ደግሞ የሚያሰጋቸውን ያውቁታል። ከጭልፊት ይልቅ የሚፈሩት ፈንግልን ነው። የዶሮ ፈንግል የሚባለው ኒውካስል የርግብ ዓይነትም አለው፤ የያዛት ርግብ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ እህሉን ስትለቅም ትስታለች፣ ኩሷም ውሃ ይሆናል። አንድ ዓመት ግማሾቹን ጨርሶባቸዋል። ልጅቱ ለክትባቱ የእንስሳት ሐኪም እንደምታማክር ቃል ገባች። ለእሳቸውም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አምጥታለች። የርግብ ላባና ኩስ አቧራ ለዓመታት ሲተነፍሱት ሳንባን የሚያስቆጣ፣ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር የሚያመጣ ሕመም አለው፤ ሐኪሞች «የርግብ አርቢ ሳንባ» ይሉታል። አያት ቆጡን ሲጠርጉ የሚያስላቸውን ሳል እስከ ዛሬ የዕድሜ ነው ብለው ትተውት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ልጅቱ አምስት ርግብ በቅርጫት ይዛ በባጃጅ ወጣች። አምስቱም እዚሁ ቆጥ የተፈለፈሉ፣ ባለ ሦስትና አራት ወር ወጣቶች ናቸው። አያት ከማንጎው ሥር ወንበር አውጥተው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሁለት ኪሎ ሜትሩን ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ አድርገውታል፤ ዛሬ አምስት ነው።

«ለቅቄያቸዋለሁ አባባ። አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት።»

«ወዴት ሄዱ?»

«ሁለት ጊዜ ዞሩ። አሁን ወደ እናንተ ነው... አይታዩኝም።»

አያት ቆመው በመዳፋቸው ዓይናቸውን ከፀሐይ ከለሉ። ቆርቆሮው በሌላ እጃቸው ነው። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ከጎረቤት ግቢ የሽማግሌው ድምፅ ተሰማ፤ በጣታቸው ያሳያሉ። አምስት ነጥቦች፣ ዝቅ ብለው፣ በዛፎቹ ጫፍ። ክንፋቸውን ገጥመው ግቢውን አንዴ ዞሩት። ቆርቆሮው ተንኳኳ። የመጀመሪያዋ ከነፍጥነቷ ከደፉ ላይ አረፈች፤ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈተውን የሽቦ መጋረጃ በደረቷ ገፍታ ገባች።

«ስንት ሰዓት ነው አባባ? ስንቱ ገባ?»

«አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት። አራቱ ገብተዋል፤ አምስተኛው ጣሪያ ላይ ሆኖ ያሞኘኛል።»

በዚያ ማታ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ሰባት ቀን የሞላው ጫጩት ቀለበት የሚገባበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እግሩ ወፍሮ ቀለበቱ አይገባም፣ ከቀደመ ይወልቃል። ቀለበቱ መገጣጠሚያ የሌለው ድፍን አልሙኒየም ነው። 18፣ ከጎኑ 07 ተጽፎበታል፤ ዓመቱና ተራ ቁጥሩ። አያት ጫጩቱን በመዳፋቸው ላይ በጀርባው አስተኙት። ላባው ገና አልወጣም፤ ቢጫ ጸጉር እዚህም እዚያም፣ ከሰውነቱ የሚበልጥ ምንቃር፣ እህል የሞላ ጉሮሮ። ልጅቱ ሦስቱን የፊት ጣቶች ገጥማ ቀለበቱን አሳለፈች፤ የኋላዋን ጣት ወደ ቅልጥሙ አስተኝታ ቀለበቱን ወደ ላይ ገፋችው። ከዚያ በክብሪት እንጨት ጫፍ ያቺን ጣት ቀስ አድርጋ ፈልቅቃ አወጣች። ቀለበቱ ቅልጥሙ ላይ በነፃነት ዞረ። ዕድሜ ልኩን አይወልቅም።

«ማስመሪያሽ እዚያው ነው?» አሉ አያት፣ ጫጩቱን ሳያስቀምጡ።

«እዚሁ ነው።»

«ደሴን ለኪልኝ።»

ለካች። «570 ኪሎ ሜትር ገደማ። በአየር።»

«በ1977 ከወሎ ወደዚህ ስንመጣ ስንት ቀን እንደፈጀብን አላስታውስም። አውቶቡስ ነበር፤ ሌሊትም ቀንም አንድ ሆኖብኝ ነበር። የማስታውሰው እናቴን ነው። መንገዱን ሁሉ የኋላ መስኮት ያዘች። ቤተ ክርስቲያናችን ገደሉ ላይ ነበር፤ ነጭ አንገት ያላቸው ርግቦች ከገደሉ ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ። እዚህ መጥታ ርግብ ባየች ቁጥር ‹የእኛዎቹ አንገታቸው ነጭ ነው› ትል ነበር፤ እስክትሞት።»

«እነዚያ የዱር ናቸው አባባ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የሉም።»

«እንደዚያ ነው?» አያት ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰቡበት። «ለእሷ ብነግራት ደስ ይላት ነበር።» ጫጩቱ መዳፋቸው ውስጥ ሙቀት ፈልጎ ተኮራመተ። «ይሄ አድጎ፣ ከደሴ ብትለቂው ወዴት ነው የሚበርረው?»

«ወደዚህ። አሶሳ ነው የተፈለፈለ።»

«እንዳንቺ።»

«እንደ እኔ፣ እንደ እማዬም።»

ጫጩቱን ወደ ጎጆው መለሱት። አባትየው ወጥቶ ነበር፤ ሴቷ ከደፉ ላይ ቆማ የሰው እጅ ከቆጡ እስኪወጣ ትጠብቃለች። እጃቸውን አወጡ። ገባች፤ ደረቷን አስፍታ ሁለቱን ሸፈነቻቸው፤ የአልሙኒየሙ ቀለበት ከላባዋ ሥር ተሰወረ።

«ነገ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ጠየቁ አያት፣ መዝጊያውን እየወሸቁ።

«ነገ ያርፋሉ። ማክሰኞ አሥር።»

«ማክሰኞ እንግዲያው እኔ ልሂድና አንቺ ጠብቂ። ሲለቀቁ አላየሁም።»